ዘነበች ሦስት ጊዜ መጥታ ነበር

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነው። በስንብቱ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ ርዕሰ መምህሩም ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። "መምህርት ጥሩወርቅ በሠላሳ አምስት ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ልጅ ፊደል ሳይዝ ከእጃቸው አልወጣም" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ዐይኔን ከበሩ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ዘነበች ገብታ "ውሸት ነው!" ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ዘነበችን ማንም አልጠራትም፤ ብትጠራም እንዲህ ያለ ነገር የምትናገር ሴት አይደለችም። ፍርሃት ግን ይህን ሁሉ መች ያመዛዝናል?

እኔ ፈሪ ሰው መሆኔን አስቀድሜ ልናገር። ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ምድጃውን አጥፍቼው ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ እመለሳለሁ። ልጄ አሥር ደቂቃ ከዘገየ በሐሳቤ ሆስፒታል ለሆስፒታል ፈልጌው እመጣለሁ። "እማዬ ገና ያልተረዳ ለቅሶ ትደርሳለች" እያሉ ይቀልዱብኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። እንዲህ ያደረገኝ ሥራዬ ነው፤ ይበልጡንም አንዲት ልጅ ናት።

ልጅቷ ራሄል ትባላለች። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ዐይኗ አያይም። በጊዜ ብትታከም ኖሮ ያይ ነበር። ራሄል እስካለፈው ጥቅምት ድረስ የምታውቀው እናቷ ዘነበች ሥራ በዝቶባት ሳታሳክማት እንደቀረች ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሦስት ዓመት ሙሉ የእናቷን ደጃፍ አልረገጠችም። እውነቱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ ዘነበችና እኔ። ታናሽ እህቴ "ከእንግዲህ ምን ሥራ አለሽ፣ የሥራ ዘመንሽን ትዝታ ጻፊ" ስትለኝ ወረቀትና ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ይሁን እንጂ ከየት ብጀምር እዚያው ላይ እመለሳለሁ። ስለዚህ እሱኑ እጽፋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ነው፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ። ያኔ ትምህርት ቤት የሚባለው በሦስት ወገን ብቻ ግድግዳ ያለው የቆርቆሮ ዳስ ነበር። ሰበካ ጉባኤው የቄስ ትምህርት ቤቱን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ለማሳደግ ሲነሣ የምስክር ወረቀት ያላት መምህርት አስፈለገችና እኔ ተቀጠርኩ። የደመወዙን ነገር እንተወው፤ የሰማ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኝ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣሁ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነኝ፤ ቦርሳዬ በሥዕል ካርድና ባለቀለም ጠመኔ ተሞልቷል። ዳሱ ውስጥ የጠበቁኝ የኔታ ሀብተ ወልድ ናቸው። ነጭ ጥምጥም፣ ቡናማ ካፖርት፣ በእጃቸው አንዲት ስንደዶ። ዙሪያቸውን አርባ ልጅ ድንጋይና አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሀሁ ይላል። ኋላ ቀር ሽማግሌ ናቸው ብዬ ናቅኋቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የቄስ ትምህርት ቤት ላላወቀው ሰው ጩኸት ብቻ ነው የሚመስለው። ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን በአግድም ይለዋል፤ ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ ይይዘዋል። ዜማ ደግሞ አታላይ ነው፤ ፊደሉን ሳይለይ ተራውን ብቻ የያዘ ልጅ ሞልቷል። አባቶች አቡጊዳን ያበጁት ለዚህ ይመስለኛል። ተራው ይበወዝና በዜማ ተደብቆ የነበረው እዚያ ላይ ይያዛል። ብልጥ ከሆነ ግን አቡጊዳንም በዜማ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የመምህሩ ዘዴ ነው።

የየኔታ ዘዴ ብዙ ነበር። ስንደዶዋን አንዱ ፊደል ላይ ያሳርፉና "ይህ ማነው?" ይላሉ፤ ምንድን ነው አይሉም። አለንጋ የማይዙት ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "አለንጋ ያየ ልጅ ፊደሉን ትቶ አለንጋውን ያነባል" አሉኝ። አውሮፕላን ሊያርፍ በላያችን ሲያልፍ ዳሱ ይንቀጠቀጣል፤ የኔታ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ልጆቹም በያሉበት ፊደል ላይ ይቆማሉ። ድምፁ ካለፈ በኋላ ማን ካቆመበት እንደሚቀጥል፣ ማን ከመጀመሪያው ካልተነሣ እንደማይሆንለት ያዳምጣሉ። ሲያዳምጡ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ያንቀላፉ መስሎኝ አንድ ቀን ልቀሰቅሳቸው ጠጋ ስል፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ "ከግራ ሦስተኛዋ ከሰው አፍ እየለቀመች ነው፤ አምጫት" አሉኝ። አመጣኋት። እውነትም አንድም ፊደል አትለይም ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ የቅዳሜው ልማዳቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁሉ ጎበዝ የተባሉትን ሦስት አራት ልጆች አንድ በአንድ ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ይጠሩና አይተውት የማያውቁትን ገጽ ከፍተው ያስነብቧቸዋል።

"የኔታ፣ ደካማዎቹን አይሻልም?" አልኳቸው።

"ደካማው ራሱ ይነግርሻል ልጄ፣ ዐይኑ ይቅበዘበዛል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ጎበዝ የተባለውን አንቺ ካልጠረጠርሽው ማን ይጠረጥረዋል? ስሙ ይጋርደዋል።"

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። የሥዕል ካርዶቼንም ወደዷቸው፤ በተለይ የዝሆኑን። ሲያርፉ እንደ አባቴ አለቀስኩላቸው። ስንደዶዋን ግን አልወረስኩም፤ ያኔ አፍሬባት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዳሱ ፈርሶ ባለ ብሎኬት ክፍሎች ተሠሩ። ሥራችን በመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ሆነ፤ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሃይማኖት አይሰበክም፣ ጸሎትና የቃል ትምህርት ለሚፈልጉ ከሰዓት በኋላ ነው። ፊደል የምናስይዘው ግን በየኔታ መንገድ ነበርና ስማችን ወጣ። የሌላ እምነት ተከታዮች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ያመጡልን ጀመር። ከእኛ በላይ አንድ የጴንጤዎች አፀደ ሕፃናት ነበር፣ ከመስጊዱ ጀርባ ደግሞ መድረሳ። ወላጅ አጥር ለአጥር እየዞረ "ማንኛችሁ ጋ ነው ልጅ ቶሎ የሚያነበው?" ብሎ ይጠይቃል። ርዕሰ መምህራችን አቶ ዳኛቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣቸው ነበር። "ጥሩወርቅ፣ ድምፅ! ድምፅ! መንገደኛው ይስማን!" ይሉኛል በመስኮት ብቅ እያሉ።

የእኔ ክፍል ከስልሳ ልጅ በላይ ሆነ። ቅዳሜው በስብሰባና በሪፖርት ተያዘ። የቅዳሜውን ፈተና መጀመሪያ በአሥራ አምስት ቀን አደረግሁት፣ ቀጥሎ በወር፣ ከዚያ ረሳሁት። ረሳሁት ማለቱ እንኳ ውሸት ነው፤ ተውኩት።

ራሄል የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ዘነበች ከወላይታ የመጣች፣ ኤርፖርት ተርሚናል ውስጥ የምታጸዳ ሴት ናት። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። ልታስመዘግብ የመጣች ዕለት በሩ ላይ ቆማ "መምህርት፣ ጸሎት ሲደረግ ልጄ ዝም ብላ ትቁም፤ ፊደሉን ግን አስይዙልኝ። ፊደል የሚያስይዙት እናንተ ናችሁ ብለውኛል" አለችኝ። ደስ አለኝ። ኩራትም ተሰማኝ።

ልጅቷ ጉድ ነበረች። በሁለት ወር ሀሁን፣ በአራት ወር አቡጊዳን ወጣችው። ከፊት ብትጀምር፣ ከኋላ ብትጀምር፣ ከመሐል ብታነሣት አትሳሳትም። ድምፅዋ ደግሞ ጥርት ያለ፣ ከዚያች ትንሽ ደረት የወጣ የማይመስል ነው። ወንበር ላይ አቁሜ የክፍሉ መሪ አደረግኋት፤ እሷ ትላለች፣ ስልሳው ይቀበላል። የቆየ የቄስ ትምህርት ቤት ወግ ነው፤ የበሰለው ተማሪ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። መሪ የሆነን ልጅ ግን ማን ይጠይቀዋል? እሱ ነው የሚጠይቀው። በእኔ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ያላረፈበት አንድ ልጅ ቢኖር ራሄል ነበረች።

ዘነበች መጀመሪያ የመጣችው ከገና በፊት ነው፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች።

"መምህርት፣ ራሄል ቤት ውስጥ በር ትገጫለች። ውሃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ታፈሳለች።"

"ልጅ አይደለች እንዴ ዘነበች? አርፋ ስለማትሄድ ነው" አልኳት።

ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ነው። "ሰው ስታይ ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች። አንዱን ዐይኗን ሸፍኜባት ነበር፣ አለቀሰች። ዐይኗን አሟት ይሆን?" አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። አሁን ሲታወሰኝ የሚያመኝ ሳቁ ነው። "ከስልሳ ልጅ አንደኛ አንባቢ ናት እኮ! የማያይ ሰው ያነባል?" ብዬ ራሄልን ጠራኋትና ፊደሉ ፊት አቆምኳት። ልጅቷ እንደ ጅረት አወረደችው። ዘነበች ማንበብ አትችልም ነበር። ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሦስተኛውን መጻፍ ከብዶኝ ሁለት ቀን ብዕር አላነሣሁም። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ነው፤ ራሄል አምስት ዓመት አልፏታል። ዘነበች ለካ ልቧ አላርፍ ብሎ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ከመንግሥት ሆስፒታል የዐይን ክፍል ቀጠሮ አግኝታለች። ቀጠሮው የወላጆች ቀን ከምናከብርበት ዕለት ጋር ገጠመ። ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ፈቃድ ልትጠይቀኝ መጣች።

"የወላጆች ቀን?" አልኳት። "ያን ቀን መሪዋን ወስደሽ እኔ ምን ልሁን? እንግዳ ተጠርቷል፣ አቶ ዳኛቸው በእሷ ነው የሚከፍቱት። ቀጠሮ ነው፣ ይቀየራል።"

"ከተዘለለ ሩቅ ነው የሚሰጡት አሉኝ።"

"ዘነበች ሙች፣ የዚህች ልጅ ዐይን ከኔና ካንቺ የተሻለ ያያል።"

ራሄል በወላጆች ቀን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወንበር ላይ ቆመች። ጭብጨባው ቤት ያፈርስ ነበር። የሆስፒታሉ ተራ አለፈ። አዲስ ቀጠሮ ለመያዝ ወራት ፈጀ፤ እሱም ሲደርስ ዘነበችን የሌሊት ፈረቃ አስገቧት። ይህ ሁሉ ምክንያት ነው። ዋናው እኔ በየጊዜው "አንደኛ አንባቢ" እያልኩ ስጽፍላት ዘነበች የገዛ ዐይኗን መጠራጠሯ ነው። እናት ካየችው ይልቅ መምህርት የጻፈችው ታመነ።

ነገሩ የወጣው ራሄል ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ነው፤ እኔም ከልጆቹ ጋር አብሬ አልፌ ነበር። በዓመቱ አጋማሽ አዲስ መማሪያ መጽሐፍ ታድሎ ገጽ ስምንትን ግለጡ አልኩ። ልማዴ ነውና ራሄልን አስነሣኋት። ተነሣች፣ መጽሐፉን ከፈተች፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች በዚያ በሚያምር ድምፅዋ ማንበብ ጀመረች። ስለ ዶሮና ጫጩቶቿ አነበበች። ጣቷ መስመሩን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ይወርዳል፣ ነጥብ ላይ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች። በአዲሱ መጽሐፍ ገጽ ስምንት ላይ ዶሮ አልነበረም። ስለ ወንዝ ነበር የተጻፈው። የምታነበው የአሮጌውን መጽሐፍ ገጽ ስምንት ነው፤ አንድ ቃል ሳታዛንፍ፣ በቃሏ።

ክው አልኩ። ልጆቹ መጽሐፋቸውን እያገላበጡ ያንሾካሹካሉ። እስክትጨርስ ጠበቅኋት፤ ማቋረጥ አልቻልኩም። በዕረፍት ሰዓት ጠርቼ ግድግዳው ላይ ካለው ፊደል አንዱን አሳየኋትና "ይህ ማነው?" አልኳት። የኔታ ካረፉ ወዲህ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዐይኗን አጠበበች። ወደ ግድግዳው አስጠጋኋት፣ አሁንም አልለየችውም። አፍንጫዋ ግድግዳውን ሊነካ ሲደርስ አንገቷን አጠማዘዘችና "ዐ" አለች። "ፀ" ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?"

"ከወንበሩ ያወርዱኛል ብዬ።"

በማግሥቱ ከዘነበች ጋር ሆነን ሆስፒታል ወሰድናት፤ በዘመድ በአዝማድ ተለምኖ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ረጅም ጊዜ መርምራ ስታበቃ አስቀመጠችን። "ሁለቱም ዐይኗ ከሕፃንነቷ ደካማ ነው። ቀኙ በመነጽር ይስተካከላል። ግራው ግን በጣም የባሰ ስለነበር አንጎሏ እሱን መጠቀም ትቶታል። በአራት በአምስት ዓመቷ ብትመጣ መነጽር አድርገን፣ ጤነኛውን ሸፍነን እናሠራው ነበር። አሁንም እንሞክራለን፤ ብዙ ተስፋ ግን አልሰጣችሁም።" ካርዱን ገለጠችው። "ቀጠሮ ነበራችሁ እኮ። ማነው ያዘገያት?"

ዘነበች ዞር ብላ አየችኝ። ራሄል በመካከላችን ተቀምጣለች፤ እግሯ ወለል አይደርስም። አፌ ላይ መጣ። "እኔ ነኝ" ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን ወዲያው ያሰብኩት አቶ ዳኛቸውን ነው፣ ሰበካ ጉባኤውን ነው፣ ስሜን ነው።

"እኔ ነኝ" አለች ዘነበች። "ሥራ በዛብኝ።"

ራሄል ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ያንን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ እጇን ያዝኳት። "ለምን እንዲህ አልሽ? እኔ አይደለሁም ወይ?" አልኳት በሹክሹክታ። ልጅቷ ከፊታችን ትሄዳለች።

"እኔማ እናቷ ነኝ" አለችኝ፣ "ብትቆጣኝም ትመለሳለች። እርስዎን ከጠላች ግን ትምህርቱን ትጠላለች።"

አንድ ዓመት ሙሉ ዐይኗን እየሸፈኑ ሞከሩ። አልሆነም። መነጽር አደረገች፣ ማንበብ ተማረች፤ አሁን በእውነት። ያን ዓመት ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነበረች። በስንደዶ አስተማርኳት። ጎበዝ ሆነች። ትወደኝ ነበር፤ መወደዱ ደግሞ እሳት ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን የሥራ ዘመኔን በአጭሩ ልበለው፤ ፍርሃት ነው። የቅዳሜውን ፈተና መለስኩ። ክፍል በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው አንደኛ የወጣውን ነው። በስተኋላ ግድግዳ ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ ፊደል ጽፌ ሰቅዬ እያንዳንዱን ልጅ አንድ ዐይኑን ሸፍኜ አስነብባለሁ። ባልደረቦቼ "የዐይን ሐኪሟ" እያሉ ይቀልዱ ነበር። የመጨረሻዎቹን አሥር ዓመታት አያት ሰፈር አንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ ሠራሁ፤ የኮንዶሚኒየሙ ወላጆች "እንግሊዝኛው መቼ ነው የሚጀመረው?" እያሉ መድረሻ ያሳጡኛል፣ እኔ "ልጅዎ ማታ በር ይገጫል ወይ?" እያልኩ አሳብዳቸዋለሁ። በዚህ ዘዴ መነጽር ያገኙ ልጆች አሉ። እያንዳንዱን ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ራሄል ትዝ ትለኝና ደስታው ውሃ ይሆናል።

የቄስ ትምህርት ቤት ሰው አድርጎናል የሚል አለ፤ ልጅ አደንቁሮብናል የሚልም አለ። እኔ ሁለቱንም ሳልሆን አልቀርም። ያ ሁሉ በቃል የመያዝ ጥበብ ለራሄል ትልቅ አእምሮ ሰጣት። መደበቂያም ሰጣት። ጥበቡ ከነመድኃኒቱ ነበር የመጣው፤ ጩኸቱን ይዤ መድኃኒቱን የጣልኩት እኔ ነኝ።

ራሄል አድጋ ዲግሪዋን ያዘች። ቦሌ ሚካኤል ያደገች ልጅ አውሮፕላን እያየች ነውና ያደገችው፣ ሆስተስ ልሆን አለች። ቁመቷ አለፈ፣ ቋንቋዋ አለፈ፣ የዐይን ምርመራው ላይ ወደቀች። ያን ዕለት ቤት ገብታ "አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ከሥራ ቀርተሽ ብትወስጂኝ ኖሮ!" ብላ እናቷን ጮኸችባት። ልብሷን ሸክፋ አያት ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራየች። ይህን የነገረችኝ ዘነበች ራሷ ናት፤ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ጉሊት ቲማቲም ስመርጥ አግኝታኝ። ከስታለች። ያቺ የሥራ ልብሷ ሰፍታታለች።

"መምህርት፣ ራሄል በበዓል በበዓሉ ትጽፍልዎታለች አሉ?"

"አዎ" አልኩ። እውነት ነው፤ አንድም በዓል አሳልፋ አታውቅም።

"ምን ትላለች? ስለኔ ትጠይቃለች?"

ቲማቲሙን አስቀመጥኩት። "ዘነበች፣ ልንገራት።"

ገብቷታል። ግራ ቀኝ አየች፣ ሰው እንዳይሰማ። "ተዉት መምህርት። እኔን አጥታለች፣ እርስዎን ደግሞ ለምን ትጣ? ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እንኑርላት።"

ይህን ሰምቶ የሚተኛ ሰው ካለ አላውቅም። እንዲያም ሆኖ ፈሪ ፈሪ ነው፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አንድ ጊዜ ልነግራት ባቡር ላይ ወጥቼ ሁለት ጣቢያ እንደሄድኩ ወርጄ ተመለስኩ። ሌላ ጊዜ በስልክ ልጽፍላት አልኩና ሙሉ ገጽ ጽፌ አጠፋሁት። ጥቅምት ላይ ግን ደወልኩላት። "ቲቸር! ውይ በናትዎ ይምጡ፣ እኔ ነኝ የምጋብዝዎ" አለችኝ። 

የምትሠራው አንድ የሪል እስቴት ሽያጭ ቢሮ ውስጥ ነው። አጠገቡ ካለ ጁስ ቤት ተቀመጥን። አምሮባታል፤ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ያ መነጽር ሳይቀር አምሮባታል። ስፕሪስ አዘዘችልኝ። ስለ ጡረታዬ፣ ስለ ቢሮዋ፣ ስለ ትራፊኩ አወራን። ስፕሪሱን አልነካሁትም።

"ራሄል፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት። እስክጨርስ አታቋርጪኝ።"

ነገርኳት። በር ስለ መግጨቷ፣ ስለ ሳቄ፣ ስለ ሆስፒታሉ ካርድ፣ ሐኪሟ ስትጠይቅ ማን እንደመለሰና ማን ዝም እንዳለ። ጨረስኩ። መነጽሯን አውልቃ በሻርቧ ጫፍ መጥረግ ጀመረች፤ ብዙ ጠረገችው።

"ስንት ጊዜ ነው የመጣችው?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ቀጠሮው… የወላጆች ቀን ነበር ያሉት?"

"አዎ።"

ስልኳን አወጣችና አንድ ፎቶ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ራሄል ናት፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወንበር ላይ። "የልጅነት ፎቶ ይሄ ብቻ ነው ያለኝ፣ ሁሌ የማየው እኔን ነበር" አለች። በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ከወላጆቹ መካከል፣ ከኋላ፣ ዘነበች የሥራ ልብሷን ለብሳ ቆማለች። ሌላው ሁሉ ያጨበጭባል። እሷ ወደ በሩ ነው የምታየው።

"ቲቸር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ…" አለችና ተወችው።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም፤ ይቅርታ የምጠይቅበት ፊት የለኝም። እሷን እንድታውቂያት ብዬ ነው።"

 ፎቶውን ዘጋችና ከስልኳ ውስጥ ስም ፈለገች። ጣቷ አንድ ጊዜ ስቶ ሌላ ሰው ጋ ሊደውል ነበር፣ አቋረጠችው። እንደገና ፈለገች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልደወለችበት ቁጥር ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። አታነሣም ስል ተነሣ። ዘነበች ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም፤ ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ምነው ልጄ? ዐይንሽን ነው?"

 ራሄል ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለች። እኔ ቦርሳዬን አንሥቼ ቀስ ብዬ ወጣሁ።